በቬሎው ላይ የሚወጡት ጥቁር ካሬዎች

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምኖር የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። የጥር ሰርጎችን አልበም እየሠራሁ ተቸግሬያለሁና እርዱኝ። የምሠራበት ዴስክቶፕ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ነው፤ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 16 ጊጋ ራም። ፎቶሾፑ የ2020ው ነው። ከሁለት ወር በፊት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባል ባለ 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ ገዝቼ አስገባሁ። ዋጋው ከሌሎቹ ሱቆች በሲሶ ያንስ ነበር። ችግሩ ይኸውና። የአልበሙን ገጽ ከፍቼ ዙም ሳደርግ በሙሽራዋ ቬሎ ላይ ጥቁር ካሬዎች ይረጫሉ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ጥፍት ብሎ ይመለሳል፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ችግር ገጥሞታል የሚል መልእክት ይወጣል። አንዳንዴ ፎቶሾፑ ራሱ ይዘጋና ያላስቀመጥኩት ሥራ ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ካርዱን የሸጠልኝ ልጅ ድራይቨሩን በፍጹም አፕዴት እንዳላደርግ፣ አብሮ የሰጠኝን ሲዲ ብቻ እንድጠቀም ነግሮኛል። እኔም ያንኑ አድርጌያለሁ። የሙሽራዋ እህት በቀን ሁለቴ ትደውላለች። ምን ላድርግ?

ይህን እዚህ መድረክ ላይ የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከታተለው ጽሑፍ፣ ረዝሞ 27 መልስ ደረሰ። መሃል ላይ ጭቅጭቅ ስለበዛና አንዳንዱ ጽሑፍ ስለተሰረዘ፣ አዲስ ለሚመጣ ሰው እንዲመች በቁጥራቸው እየጠራሁ ልተርከው። መልስ ስል የሰርጉን መልስ አይደለም፤ የእሱማ ዶሮ ተበልቶ ካለቀ ሰንብቷል።

1ኛው መልስ የመጣው ከአዳማ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታ አቅርቦ፣ ለሙሽሮቹም መልካም ጋብቻ ተመኝቶ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው። ኤዲት ከሚለው ሜኑ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብቼ፣ ፎቶሾፕ ግራፊክስ ካርዱን እንዲጠቀም የሚፈቅደውን ምልክት እንዳጠፋና ፕሮግራሙን ዘግቼ እንድከፍተው መከረኝ። ይህ መድኃኒት ሳይሆን ምርመራ መሆኑንም አስረዳ። ካሬዎቹ ከጠፉ ጥፋቱ ከፎቶው ወይም ከራሙ ሳይሆን ከካርዱ ወይም ከድራይቨሩ ነው። ካልጠፉ ደግሞ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

2ኛው የራሴ ነው። አጠፋሁት፤ ካሬዎቹም ጠፉ። ደስታዬ ግን አምስት ደቂቃ አልቆየም። ዙሙ ይንቀጠቀጣል፤ ሸራውን ማዞር አይቻልም። ፐርስፔክቲቭ ዋርፕ ጭራሽ አይከፈትም። ለካ እነዚህ ሁሉ ያለ ግራፊክስ ካርድ አይሠሩም። በዚህ ዓይነት 40 ገጽ አልበም ልጨርስ ማለት ከእንጦጦ ቃሊቲ በእግር እንደመሄድ ነው።

3ኛው አጭር ነበር። ምልክቱን መልሼ ላብራና አድቫንስድ ሴቲንግስ ውስጥ የስዕል ሞዱን ቤዚክ ላድርገው፤ ቤዚክ ከሦስቱ አማራጮች የካርዱን ሜሞሪ በትንሹ የሚጠቀመው ነው። ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ እንዳይሆንም ጠየቀ። አልሞላም። ቤዚክ አድርጌው ግን ለውጥ አየሁ። ካሬዎቹ መጡ፣ ዘግይተው ግን መጡ። ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ይህ ክር ከመልስ 4 አያልፍም ነበር።

4ኛው ፎቶሾፑን ስከፍት ኮንትሮል፣ አልት እና ሺፍትን አንድ ላይ ተጭኜ ሴቲንጉን ሁሉ ወደ መጀመሪያው እንድመልስ ነገረኝ። 5ኛው ወዲያው ተቆጣ። በእኔ አይደለም፣ በ4ኛው ነው። እሱ አንድ ጊዜ ያንን ምክር ሰምቶ የስንት ዓመት አክሽኖቹን (ቀድቶ ያስቀመጣቸውን የሥራ ቅደም ተከተሎች) ስላጣ፣ አክሽኑንና ብሩሹን መጀመሪያ ሴቭ አድርግ ሳይባል እንዲህ ዓይነት ምክር መስጠት ወንጀል ነው ብሎ ጻፈ። ወንጀል የሚለው በዛ። ፍሬ ነገሩ ግን ልክ ነው፤ እኔም መጀመሪያ አስቀምጬ ነው ያጠፋሁት። ምንም አልለወጠም።

6ኛው መልስ ረጅምና የተሟላ ነበር፤ ኮምፒውተር የተማረ ወጣት መሆኑ ያስታውቃል። ዲዲዩ በሚባለው ነጻ መሣሪያ፣ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ አስነስቼ የድሮውን ድራይቨር ከነርዝራዡ እንድጠርግ፣ ከዚያ ከቺፑ አምራች ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ለ1050 ቲአይ የተሠራውን እንዳወርድ ጻፈ። ሁለት ዓይነት ድራይቨር እንዳለም ያወቅሁት ከእሱ ነው። አንዱ ለጌም ነው፤ አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር ይለቀቃል። ሌላው ስቱዲዮ ይባላል፤ ለእንደኛ ዓይነቱ ሥራ የሚመከረው እሱ ነው። ሻጩ አፕዴት አታድርግ ማለቱን ደግሞ የሰፈር ወሬ ነው ብሎ አጣጣለው።

7ኛው እንደገና እኔ። እሮብ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው የጻፍኩት፤ ፊደል ሁሉ ግድፈት ነበረበት። የታዘዝኩትን አንድ በአንድ አደረግሁ። አሮጌው ተጠረገ። አዲሱን ልጭን ስል ኢንስቶለሩ ተስማሚ ግራፊክስ ካርድ አላገኘሁም ብሎ እምቢ አለ። ካርዱ እዚያው ተሰክቶ፣ ፋኑ እየዞረ፣ የለህም ይለኛል! ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻ የሻጩን ሲዲ አስገብቼ ተመለስኩ። በሲዲው ሠራ። ካሬዎቹም አብረው ተመለሱ።

8ኛው እንግዲህ ሰደበኝ። የተሳሳተ ፋይል አውርደህ ነው፣ ባለ 32 እና ባለ 64 ቢት የማይለይ ሰው ኮምፒውተር መክፈት የለበትም ዓይነት ነገር ነው። ያወረድኩትን የሚያሳይ ፎቶ ለጠፍኩ፤ ልክ ነበር። ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

9ኛው ዊንዶውስ ካርዱን የሚታገሰው ለሁለት ሰከንድ ብቻ መሆኑን አስታወሰ። ካርዱ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ካርዱ ቆሟል ብሎ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ስክሪኑ ጥፍት ብሎ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ሴቲንግ የሚቀመጥበት) ውስጥ ገብቼ ትዕግሥቱን ወደ 60 ሰከንድ እንዳሳድገው ሐሳብ አቀረበ። 10ኛው ተቃወመ። ሬጅስትሪ እንደ ጎረቤት ጓዳ ነው፤ ሳይጠሩህ አትገባም። ደግሞም መልስ የማይሰጥ ካርድ 60 ሰከንድ ቢታገሱት 60 ሰከንድ ጥቁር ስክሪን ማየት ነው ትርፉ። በዚህ ከ10ኛው ጋር ነኝ።

ከ11 እስከ 13 ያለው ከመንገድ የወጣ ነው። አንዱ ፎቶሾፕህ ክራክ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ) ከሆነ ምን ትጠብቃለህ አለ። ሌላው እዚህ ክር ውስጥ ፎቶሾፕን በብሩ የገዛ ካለ እጁን ያውጣ ብሎ ሙድ ያዘበት። ስለ ዶላርና ስለ ውጭ የክፍያ ካርድ ብዙ ተባለ፤ ግማሹ ተሰርዟል። 13ኛው ብቻ ቁም ነገር ነበረው። ክራክ ውስጥ ቫይረስ ሊኖር ይችላል፣ ጥቁር ካሬ ግን የቫይረስ ምልክት አይደለም፤ መክፈል ያልፈለገ ዳርክቴብልን ይሞክር፣ ነጻ ነው፣ ኦፕን ሲኤል በሚባለው መንገድ ግራፊክስ ካርዱንም ይጠቀማል። እኔም ሞከርኩት። ኦፕን ሲኤሉን ከሴቲንግ አብርቼ አንድ ትልቅ ፎቶ ስከፍት እዚያም ተበላሸ። ይህ ትልቅ ዜና ነበር። ሁለት የማይተዋወቁ ፕሮግራሞች አንድ ቦታ ላይ ከወደቁ ጥፋቱ የፎቶሾፕ አይደለም። ማንም ግን አላየልኝም፤ ሁሉም ስለ ዶላር ነበር የሚያወራው።

14ኛው የኤሌክትሪክ ሰው ነው። መብራቱ ነው አለ። የከተማው መብራት ሲወርድና ሲወጣ ካርዱ ይታመማል፤ ስታቢላይዘር ግዛ። የፓወር ሰፕላዬን ዋት ጠየቀኝ። 240 ነው። ከት ብሎ ሳቀ፤ በጽሑፍ እንዴት ይሳቃል ካላችሁ፣ ሀ ሀ ሀ ተብሎ ነው። የእሱ አስተያየት ለአንድ ቀን አሳምኖኝ ነበር። ምክንያቱም ሻጩ ካርዱን ሲገጥምልኝ መብራት አንሶታል ብሎ ከሃርድ ዲስኩ ገመድ ቀጥሎ ተጨማሪ ሽቦ ሰክቶለት ነበር። ይህንን ጻፍኩ። ይህም ያለ አንባቢ አለፈ።

15ኛው ከዱባይ ነው። አዲስ ካርድ ግዛ፣ እዚህ ርካሽ ነው፣ ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ አለኝ። ደግነቱን አመሰግናለሁ። ግን የካርዱ ሞዴል፣ ዋጋው፣ የእሱ ላፕቶፕ ስንት ጊጋ እንደሆነ፣ ዴይራ ውስጥ የት ሱቅ እንደገዛው፣ ይህ ሁሉ ሦስት አንቀጽ ፈጀ።

16ኛዋ እሱን ያዘችው። የአልበም ዲዛይን የምትሠራ እህት ናት። በድርሃም የሚያስብ ሰው ለብር ችግር መፍትሔ አይስጥ አለችውና ወደ እኔ ዞረች። ከእሷ በፊት የነበሩት ሁሉ አድርግ አድርግ ነው ያሉኝ፤ መቼ ብላ የጠየቀችኝ እሷ ናት። ካሬው የሚመጣው በየትኛው ፋይል ነው? አንድ ፎቶ ብቻ ስትከፍትስ? ገጹ ስንት በስንት ነው? ስንት ሌየር አለው? ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም አውርጄ፣ ሴንሰር የሚለውን ገጽ ከጎን ከፍቼ፣ የካርዱ ሜሞሪ ስንት ሲደርስ እንደሚበላሽ ቁጥሩን እንዳመጣላት አዘዘችኝ።

17፦ አመጣሁላት። አንድ ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ ስከፍት ምንም የለም፤ እንደ ቅቤ ነው። የአልበሙ ገጽ ግን 30 በ90 ሴንቲሜትር ነው፣ በ300 ዲፒአይ። ይህ ማለት 10,630 በ3,543 ፒክስል፣ ወደ 37.7 ሚሊዮን ፒክስል ነው። አንዱ ሌየር ብቻ 150 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ 20 ሌየር አለኝ። ሁለት ገጽ አብሬ ከፍቼ ሜሞሪውን አየሁ። 600፣ 750፣ 900 ሜጋባይት። ሺህን አለፍ ሲል ካሬዎቹ ተረጩ። ደገምኩት። እንደገና ሺህ ላይ። አራት ጊዜ ሞከርኩ፤ አራቱም ጊዜ እዚያው። ቤዚክ ሞድ ለምን እንዳዘገየው አሁን ገባኝ፤ ሺህ ለመድረስ ጊዜ ስለሚወስድበት ነው። ግን ካርዱ ባለ 4 ጊጋ አይደል? ሦስቱ የት ሄደ?

ከዚያ 18ኛው መጣ። በዚህ መድረክ ላይ ብዙ የማይጽፉ፣ ሲጽፉም ከሁለት መስመር የማያልፉ የጥገና ባለሙያ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ሞኒተሩ ከካርዱ ጋር የተገናኘበት ገመድ ጫፍ ቀለሙ ምንድን ነው?

19ኛው ላይ ሳቁባቸው። የድሮ ቴሌቪዥን ጠጋኝ መሰሉት እንግዲህ። የፎቶሾፕን ችግር በገመድ ቀለም የሚመረምር አለ፣ ቀጥሎ ቡናህን አሳየኝ ሳይሉት አይቀሩም የሚል ነገር ተጻፈ። ጋሼ ዝም አሉ። እኔ ተነስቼ ከኋላ አየሁት።

20፦ ሰማያዊ ነው አልኩ። ግራና ቀኝ የሚጠበቅ ብሎን ያለው።

21ኛውን መልስ ጋሼ ከወትሮው አስረዝመው ጻፉት፤ እኔ ግን አጥሮብኝ አራት ጊዜ አነበብኩት። ሰማያዊው ቪጂኤ ነው፤ አናሎግ፣ የድሮው ዓይነት የሞኒተር መውጫ። እውነተኛው 1050 ቲአይ የወጣው በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ነው። ኤንቪዲያ ከ1000ዎቹ ተከታታይ ጀምሮ አናሎግ መውጫን ከቺፑ አስወጥቶታል። ስለዚህ 1050 ቲአይ ነኝ የሚል ካርድ ላይ የቪጂኤ ቀዳዳ ካየህ፣ ጺም ያላት ሙሽራ እንዳየህ ቁጠረው። ከዚያ እኔው የጻፍኩትን፣ ማንም ያላነበበውን፣ አንድ በአንድ እየለቀሙ አመጡ። ተጨማሪው ሽቦ፦ እውነተኛው የሚበላው 75 ዋት ነው፣ ማዘርቦርዱ በራሱ ይመግበዋል፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ሌላ ገመድ አይፈልጉም። የኢንስቶለሩ እምቢታ፦ ልክ ነበር፣ ተስማሚ ካርድ አላገኘም፣ ምክንያቱም የለም። የሻጩ ሲዲ፦ የተነካካ ድራይቨር ነው። አፕዴት አታድርግ የሚለው ደግሞ ለእኔ ተቆርቁሮ የተሰጠ ምክር አይደለም፤ አፕዴት ባደረግሁ ቀን ስለሚታወቅበት ነው።

ፎርጅድ ነው ማለታቸው ነው። የአሮጌ ካርድ ባዮስ (ካርዱ ማንነቱን የሚናገርበት የውስጥ ፕሮግራም) ተቀይሮ ስሙም ሜሞሪውም በውሸት ይጻፍበታል። ሜሞሪው 1 ጊጋ ነው፤ 4 ነኝ ይላል። ፎቶሾፕ ያምነዋል፤ ለምን አያምነውም? አንድ ኩንታል የሚይዝ ጆንያ ላይ አራት ብለህ ብትጽፍ ጫኙ ጽሑፉን አይቶ ይሞላል፤ ከአንዱ በኋላ ያለው እህል መሬት ላይ ነው። ጥቁር ካሬዎቹ የፈሰሰው እህል ናቸው። ነገሩን ከዚህ ጆንያ በተሻለ የሚያስረዳ እስካሁን አላነበብኩም።

22ኛው የእኔ ኑዛዜ ነው። ጂፒዩ-ዚን ሁለት ቀን ሙሉ ከፍቼዋለሁ፤ የማየው ግን ሴንሰሩን ብቻ ነበር። አሁን የመጀመሪያውን ገጽ አየሁ። ከካርዱ ስም ፊት ፌክ የሚል ቃል በቅንፍ ተጽፏል። አይቼው ነበር! የሞዴሉ ስም አካል መስሎኝ ነው ያለፍኩት። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሮግራሙ ፎርጅድ የኤንቪዲያ ካርዶችን ለይቶ እንዲህ ያስጠነቅቃል። ቺፑ ጂኤፍ116 ይላል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ላይ የነበረው ማለት ነው። 768 መሆን የነበረባቸው ኮሮች (ስሌቱን የሚሠሩት ክፍሎች) 192 ናቸው። ይህንን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከንዴት ይሁን ከሐፍረት እንጃ።

23ኛው፣ ያው 8 ላይ የሰደበኝ ሰው፣ ርካሽ ስትፈልግ ተበላህ ብሎ ተመለሰ። የአልበሟ እህት ደግሞ 32ና 64 ቢት የሚለይ ሰው ፎርጅዱን ከመጀመሪያው ለምን እንዳልለየው ጠየቀችው። ከዚያ ወዲህ አልታየም። የሱቁን ስም እንድጠራ የወተወቱም ነበሩ፤ አልጠራሁም። ልጁ ራሱ አውቆ ይሽጠው፣ እሱም ተታሎ ይሁን አላውቅም። ካርዱን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ገንዘቡን አልመለሰም፣ በኪቦርድ ልቀይርልህ አለኝ።

24፦ ጋሼ እንደገና። ለአሁኑ ሌላ ካርድ እንዳልገዛ ነው ያሉኝ። ፎርጅዱን ነቅዬ፣ ያንኑ ሰማያዊ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ላገናኘው። አራተኛ ትውልድ አይ5 ውስጥ የራሱ የኢንቴል ግራፊክስ አለ፤ ደካማ ነው፣ ግን አይዋሽም። የኮምፒውተሩን ራም ስለሚካፈል ሜሞሪም ያገኛል። አሮጌውን ካርድ ደግሞ ካልጣልኩት ትክክለኛ ባዮሱን መልሰው በእውነተኛ ስሙ እንደሚያስነሱልኝ፣ ለዚያ ትውልድ የተሠራው የመጨረሻው ድራይቨር 391.35 መሆኑን ጨመሩ። ክፍያ ስጠይቃቸው የሙሽሮቹን ፎቶ አሳየኝ ብቻ አሉ።

25፦ እንዳሉት አደረግሁ። ዙሙ ቀርፈፍ ይላል። ካሬ ግን የለም። ሦስት ገጽ አብሬ ከፈትኩ፤ ቬሎው ነጭ ነው። ሐሙስና ዓርብ ሌሊቱን ሠርቼ አልበሙን ለማተሚያ ላክሁ። የሙሽራዋ እህት አሁንም ትደውላለች፤ አሁን የምትደውለው ግን ፊቷን ቀጠን እንዳደርግላት ነው።

26ኛው ካርዱን ለጌም ተጫዋች ልጅ ሽጠውና ብርህን መልስ ብሎ መከረ። አወያዩ ሰረዘው፤ ከመሰረዙ በፊት ግን የአዳማው ጨዋ ሰው ደርሶበት ኖሮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆጣ አልቀረም።

27ኛው ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው፣ ከሐዋሳ። አዲስ አባል ነው። ቪዲዮ ሲያቀናብር ስክሪኑ ጥፍት እያለ ይመለሳል፤ ካርዱ ባለ 4 ጊጋ ነው፤ የሸጠለት ሰውም ድራይቨሩን እንዳይነካ አስጠንቅቆታል። ጋሼ ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ አስቀምጠዋል፤ የገመዱን ቀለም ጠይቀውታል። ልጁ ገና አልመለሰም።